መንግሥት ይከሰስ እንጂ አይጥፋ

ባለፈው እትም ስለ መንግሥትና ስለ ሰው ልጅ ነፃነት የወጣውን ጽሑፍ ሁላችንም አነበብነው። ካፌ ውስጥ ተነበበ፤ መኝታ ቤት ውስጥ ተነበበ፤ አንዳንዶቻችን ሌሊቱን ስንጨቃጨቅበት አደርን። ክርክሩ ቀጥተኛ ነው። የነፃነት ትልቁ ጠላት መንግሥት ነው፤ ጠላት ደግሞ ይወገዳል እንጂ አይወሰንም፤ «ውሱን መንግሥት» የሚባለው የታሰረ ጅብ ነው፤ የሚታመነው ገመዱን እስኪበጥስ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ጽሑፉን ወደነዋል። ድምዳሜውን ግን አንቀበለውም። ለምን እንደማንቀበለው እነሆ እንናገራለን።

አስቀድመን አንድ ቃል ከመንገዳችን ላይ እናንሣ። ጽሑፉ እንደ ወጣ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን አፍ የሰማነው የመጀመሪያ መልስ «ይሄ አናርኪስት!» የሚል ነበር። ይህ መልስ አይደለም። በአገራችን ይህ ቃል ደም አለበት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደርግ የኢሕአፓ አባል ነው ብሎ የጠረጠረውን ወጣት «አናርኪስት» እያለ ነበር የሚገድለው። ኢሕአፓ ደግሞ መንግሥት ይጥፋ አላለም፤ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ነው ያለው። እንግዲህ ቃሉ ትርጉሙን ጥሎ የጥይት ማዘዣ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሐሳብን በስም መግደል ከተጀመረ ሰውየውን መግደል ሩቅ እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ የዚህ አገር ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ጸሐፊውን ወንድማችን እንለዋለን፤ የምንገጥመውም ሐሳቡን ነው።

የወንድማችን ሐሳብ የሚነሣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከመጻሕፍት ነው። ባኩኒን እ.ኤ.አ. በ1872 ዘ ሄግ ላይ ከአንደኛው ኢንተርናሲዮናል ተባረረ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ሠራተኛው ገዢ የሆነ ዕለት ሠራተኛ መሆኑ ይቀራል፤ ሕዝቡንም ከመንግሥት ሰገነት ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል ሲል ማርክስን ተከራከረ። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1917 «መንግሥትና አብዮት»ን ሲጽፍ ደግሞ መንግሥት ውሎ አድሮ ይከስማል አለ። ከዚያ ወዲያ በሶቪየት ኅብረትም ሆነ ያንኑ ትምህርት ተከተልሁ ባለው በእኛው ደርግ ዘመን የከሰመው ማን ነው? መንግሥት አልከሰመም፤ ሰው ነው የከሰመው። በዚህ ነጥብ ባኩኒን ትክክል ነበር፤ አንሸሽገውም።

ሁለተኛው ምንጭ ሰፈራችን ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ልብ ይነካል። እድርን እዩ ይለናል። ፖሊስ የለው፣ እስር ቤት የለው። ሰው ሲሞት ግን ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ይከፍላል። እቁብን እዩ ይለናል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ አይጠፋም፤ ዋሱም ጎረቤቱም ያውቁታል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሄዶ «በሕግ አምላክ»ን ያነሣል። ዱሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል። ነጠላቸውን ቋጥረው፣ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ይሟገታሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሌላው ይጠየቃል። በመካከላቸው ወታደር የለም። «ታዲያ ያለ መንግሥት ሕግ ኖሮ አያውቅም የሚለን ማነው?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም እዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆመው ያው ሕዝብ ሌላም አባባል ነበረው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩአቸው። ገበሬ ገበሬን ይጠይቃል፤ ነጋዴ ነጋዴን ይጠይቃል፤ ጠመንጃውንና መሬቱን የያዘውን ግን ማንም ደፍሮ ተጠየቅ አይለውም። በእኩዮች መካከል ሕግ ያለ ፖሊስ ይሠራል። እኩያ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ሲሆን ግን የ«በሕግ አምላክ» ጩኸት አየር ላይ ይቀራል።

እድርም እንዲሁ ነው። ለእድርተኛው ደግ ነው። እድር መግባት ላልቻለው፣ ከመዝገብ ለተሰረዘው፣ መንገድ ዳር ለሚያድረው ማን ድንኳን ይተክልለታል? ደግሞስ እድር ደግ የሆነው ለምንድን ነው? ጉዳዩ ትንሽ፣ ቅጣቱም ትንሽ ስለሆነ ነው። ጎረቤታሞች ጠመንጃ ቢይዙስ?

ይህ ግምት አይደለም፤ ሆኖ ታይቷል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። ነዋሪው መሪዎቹን ይመርጣል፤ አነስተኛ የቤት ኪራይ ይሰበስባል፤ ጥቃቅን ክርክር ይዳኛል ተባለ። በወረቀቱ ላይ ከእድር ብዙም አይርቅም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ግን ቀበሌው ጠመንጃ ጨበጠ፤ አብዮት ጠባቂ አሰማራ፤ እስር ቤት ከፈተ። ያው ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ከአልጋው ላይ አስነሥቶ ወሰደ።

ወንድማችን «ያስታጠቀው መንግሥት አይደለም ወይ?» እንደሚለን እናውቃለን። አዎ፣ መንግሥት ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ መተዋወቅና መቀራረብ ብቻቸውን ጠመንጃን አይገድቡትም ነው የምንለው። መንግሥት ጠፍቶ ጠመንጃው ባይጠፋስ? ይህንን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤታችን ሶማሊያ አለች።

የሶማሊያን ነገር በሁለቱም ወገን ሳይዋሹ ማውራት ያስፈልጋል። የዚያድ ባሬ መንግሥት የነፃነት ጠባቂ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. አማፅያን ሐርጌሳ ሲገቡ የገዛ አገሩን ከተማ በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹም የሚነሡት ከዚያችው ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በጥር 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የተላቀሰለት ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ያለ ማዕከላዊ መንግሥት ተኖረ። በዚያ ጊዜ ስልክ በግል ኩባንያ ተዘርግቷል፤ በውጭ ያለው ዘመድ የሚልከው ገንዘብ በሐዋላ ከአገር አገር በቃል ብቻ ተላልፏል፤ ከብትም ወደ ዓረብ አገር ተሸጧል። ሔር የሚባለው የሶማሌ የልማድ ሕግም ሠርቷል። በሔር መሠረት ሰው ሲገደል የገዳዩ ዘመዶች ተባብረው ለሟች ዘመዶች የደም ካሣ ይከፍላሉ፤ እኛ ጉማ የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። መንግሥት አይኑር የሚሉ ሰዎች ይህንን ሁሉ ሲጠቅሱ እውነት አላቸው።

ያልጠቀሱት ግን አለ። ካሣውን የሚያስከፍለው ምንድን ነው? ካልተከፈለ ሊበቀል የሚችል ወገን ነው። እንግዲህ ወገንህ ብርቱ ከሆነ ደምህ ዋጋ አለው፤ ወገንህ ደካማ ከሆነ ደምህ ርካሽ ነው። በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ገበሬዎች፣ በተለይም ባንቱ የሚባሉት፣ የታጠቀ ጎሳ አልነበራቸውም። ከመንግሥት መውደቅ በኋላ የጦር አበጋዞቹ ሚሊሺያዎች በላያቸው ላይ ተመላለሱባቸው፤ እህላቸውን ዘረፉ፤ ብዙዎቹንም ከመሬታቸው አፈናቀሉ። በእ.ኤ.አ. 1991 እና 1992ቱ ረኃብ በብዛት ያለቀው በዚያው አካባቢ የነበረው ሕዝብ ነው። እርሻ የሞላበት፣ ወንዝ የሚፈስበት አገር ነው! ድርቅ ብቻውን አልጨረሳቸውም፤ «በሕግ አምላክ» ብለው የሚያቆሙት ሰው መታጣቱ ጭምር ነው።

ይህ የሶማሌ ሕዝብ ጠባይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ነገሩ በቲዎሪም የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ሮትባርድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው መጽሐፍ ጥበቃም ዳኝነትም እንደ ሱቅ ዕቃ በኩባንያ ይሸጥ፤ መንግሥት ጭራሹን አያስፈልግም አለ። ሌላው አሜሪካዊ ኖዚክ በሚቀጥለው ዓመት መለሰለት። ጠባቂ ኩባንያዎች ሲፎካከሩ ውለው አድረው በአንድ አካባቢ አንዱ ያይላል፤ ያየለውም ሳይታወቀው መንግሥት ይሆናል ሲል ጻፈ። ኖዚክ ከዚህ የሚያወጣው ትንሽና ጨዋ መንግሥት ነው። እኛ ግን መቋዲሾን እናያለን። ያየለው ጠባቂ ጨዋ ሆኖ አልወጣም፤ ኬላ አቁሞ አላፊውን ሁሉ ቀረጥ የሚያስከፍል የጦር አበጋዝ ሆነ። መንግሥት ጠፍቶ መንግሥት አልባነት አልመጣም፤ ብዙ ትናንሽ መንግሥታት መጡ፤ አንዳቸውም ወሰን የላቸውም፤ አንዳቸውም አይከሰሱም።

ሰሜኑ ምን አደረገ? ሁለቱንም ክፉ ያየው እሱ ነው፤ ከተማውን ያፈረሰ መንግሥትንም አይቷል፤ የመንግሥት መጥፋትንም አይቷል። በ1985 ዓ.ም. የሶማሊላንድ ጎሳ ሽማግሌዎች ቦራማ ላይ ለወራት ተቀምጠው ተማከሩ። ያለ መንግሥት መቀመጥ የሚያውቁት፣ ሔርን በቃላቸው የያዙት፣ ወንድማችን የሚያደንቃቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ተማክረው የወሰኑት «እንግዲህ መንግሥት አይኑር» የሚል አይደለም። ሥልጣኑ የተከፈለ መንግሥት አቋቋሙ፤ ለሽማግሌዎችም በፓርላማው ውስጥ ጉርቲ የሚባል ምክር ቤት ሰጡ። ያለ መንግሥት መኖር የሚችሉ ሰዎች የሚገደብ መንግሥትን መረጡ። ይህ ለእኛ ከአሥር መጽሐፍ የበለጠ ምስክር ነው። ያው ጉርቲ ራሱ ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑ በየጊዜው እየተራዘመለት ምርጫ ሳያይ ብዙ ዓመት መቀመጡን አንደብቅም። ሽማግሌም ቢሆን ካልተጠየቀ ይቆያል።

እስካሁን ለወንድማችን መለስን። አሁን ፊታችንን ወደ ሌላው ወገን እናዙር። «ውሱን መንግሥት ይሻላል» የሚሉትና ከእኛ ጋር የተጨበጨበላቸው ጓደኞቻችን ቶሎ ደስ አይበላቸው። እነሱ ወሰኑ ያለው ወረቀቱ ላይ ይመስላቸዋል። ወረቀትማ ሞልቶናል!

የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ያነበበ ሰው ማንም ሰው ያለ ሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነፃነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ የሚደነግግ አንቀጽ ያገኛል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የሚኩራሩበት ዓይነት አንቀጽ ነው። ከፊት ገጾቹ ላይ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይገሰስ ነው የሚል ሰፍሯል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አጥሩም አለ፤ አጥሩን የሚዘልለውም አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንን ሕገ መንግሥት በአንድ አዋጅ አገደው። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ የቀድሞዎቹን ሚኒስትሮችና የጦር መኮንኖች ጨምሮ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በሥልጣን ላይ ሳሉ ያንን አንቀጽ በሕዝቡ እጅ እንዲውል ያልፈቀዱ ሰዎች በቸገራቸው ጊዜ አንቀጹ ባዶ ሆኖ ቆያቸው። እንኳን ደረሰባቸው አንልም፤ ያለ ፍርድ የተገደለ ሁሉ ያለ ፍርድ የተገደለ ነው። ትምህርቱን ግን እንውሰድ።

በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም የመናገር፣ የመጻፍ፣ የመሰብሰብ ነፃነት ሰጥቷል። አጠገቡ አንድ ፓርቲ የመንግሥቱም የኅብረተሰቡም መሪ ኃይል ነው ይላል። መሪውን ማን ይመራዋል? የ1987ቱ ከሁለቱም የተሻለ ተጽፏል፤ ይህንን ለመናገር አናፍርም። እሱም ቢሆን ሕገ መንግሥቱን የመተርጐምን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ለፖለቲከኞች ጉባኤ ሰጠው። ተጫዋቹ ዳኛም ሆነ ማለት ነው። በሦስቱም ዘመን «በሕግ መሠረት» የምትል ትንሽ ሐረግ አለች፤ ነፃነቱ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው የሚወሰድባት በር ናት።

ታዲያ ወረቀቱ ከንቱ ነው? ከንቱ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ በመካከላችን የሆነ ነገር ነው። ስም አንጠራም፤ ቦታም አንጠቅስም።

ከእኛ አንዱ ለዕረፍት ቤተሰቡ ዘንድ በሄደበት አንድ ምሽት ተወሰደ። ሦስት ቀን የት እንዳለ አልታወቀም። እናቱ ከበር በር ተንከራተቱ። እኛ ምን አደረግን? ተሰብስበን ስለ መንግሥት ምንነት ተወያየን! በአራተኛው ቀን የአባቱ እድር ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ። የእድሩ ጸሐፊ በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው፤ አንቀጽ 19ን በደብተር ወረቀት ላይ በእጃቸው ገልብጠው ይዘዋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለውን ማለት ነው። የተረኛው መልስ ሣቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተቀመጡ። በማግሥቱም መጡና ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ጠበቃ ይዘው መጡ። በሰባተኛው ቀን ልጁ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ዳኛውም በዋስ ለቀቀው። ዋስ የሆኑት የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች ይህንን ያስቡበት። አንቀጹ ባይኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ለልመና ነበር፤ «ልጃችንን ማሩልን» ለማለት። አንቀጹ ልመናውን ወደ ጥያቄ ለወጠው። ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ ደግሞ አንቀጹ እንደ ተኛ ይቀር ነበር። ሌላም አለ። ያሰረው የመንግሥት ሰው ነው፤ የፈታው ዳኛም የመንግሥት ሰው ነው። ነፃነት ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። መንግሥት ሲጠፋ ክፍተቱም አብሮ ይጠፋል፤ አሳሪው ብቻ ይቀራል። በመቋዲሾ ኬላ ላይ ለተያዘው ሰው 48 ሰዓት የሚቆጥርለት ማን ነበር? መንግሥት ሁሉን ሲውጥም ክፍተቱ ይዘጋል፤ አሳሪውና ዳኛው አንድ ሰው ይሆናሉ። በቀበሌው ዘመን ያየነው ይህንን ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የሰውን ነፃነት የሚጠብቀው ውሱን መንግሥት ነው። ወሰኑን የሚጠብቀው ግን መንግሥት ራሱ አይደለም፤ ከመንግሥት ውጭ የተደራጀ ሕዝብ ነው። ወንድማችን የሚወዳቸው እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሽማግሌው የመንግሥት ምትክ አይደሉም፤ የመንግሥት ልጓም ናቸው። ምትክ ሲሆኑ ይታጠቃሉ፤ ልጓም ሲሆኑ ይጠይቃሉ።

ከዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሚያስር እጅ እንዳይፈርድ፣ የሚፈርድ እጅም እንዳያስር። ሁለተኛ፣ ሹመት ሁሉ የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቀኑ ሲደርስም አይራዘም። ሦስተኛ፣ እድሩም፣ የሠራተኛ ማኅበሩም፣ የተማሪ ማኅበሩም፣ ጋዜጣውም ከመንግሥት ኪስና ከመንግሥት ትእዛዝ ውጭ ይቁሙ፤ ቀበሌን ያበላሸው ጎረቤት መሆኑ ሳይሆን የመንግሥት እጅ መሆኑ ነውና። አራተኛ፣ እነዚህ ማኅበራት ራሳቸው ለአባሎቻቸው ይጠየቁ።

በአራተኛው ላይ ግለ ሂስ እናድርግ። የዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በየዓመቱ ይመረጥ የሚል ደንብ አለን። ደንቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የዘንድሮው ምርጫ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆነው፤ ከእኛ አንድም የጠየቀ የለም። «ሥራው ይበዛል፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» እያልን ዝም አልን። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ጥሩ ሰው የማይጠየቅበት ቦታ ላይ ግን ነገ ጥሩ ያልሆነው ይቀመጥበታል። ስቴንስሉንና ቀለሙን የያዘውን የገዛ ጓደኛችንን ተጠየቅ ማለት ካፈርን ጠመንጃ የያዘውን ማን ሊለው ነው?

ለወንድማችን የምንለው አንድ ነገር ቀርቷል። ጅቡ ገመዱን ይበጥሳል ብሎናል። እውነት ነው፣ ይበጥሳል። ለዚህም ነው ገመዱን የያዘ ሰው መተኛት የሌለበት። ገመዱን ቢጥለው ጅቡ አይሞትም። በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ እኛም እንጠየቃለን። ምርጫው ደግሞ ዓርብ ይሁን።